የገጽ ዐሥራ አራቱ አናጢ

መስከረም 28

ለባሕር ማዶዋ ፌንጣዬ፣

ይህ ወረቀት ሲደርስሽ ጤናሽ የተላገ ጣውላ ይምሰል፤ ስንጣሪ አይገኝበት፣ ጉጥ አይኑርበት። እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ስነሣም ይጮኻል፣ ስቀመጥም ይጮኻል፤ አብሮ አደግ ነንና ችዬው እኖራለሁ።

በወረቀት የምጽፍልሽ ስልክ ቸግሮኝ አይደለም። በስልክ ስቆጣሽ "አባባ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ ነው" ትይኛለሽ። ወረቀት አይቆራረጥም። ቁጭ ብለሽ እስከ መጨረሻው ትሰሚኛለሽ። ዛሬ ደግሞ ተናድጃለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ የልብስ ሰፊው ልጅ ወደ ሥራ ቤቴ መጣች። ያቺ ካንቺ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ትቀመጥ የነበረችው፤ አሁን እዚያው በተማራችሁበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። በብብቷ አረንጓዴ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ሸጉጣለች።

"አባባ፣ የልጅ ልጅዎ ያዘጋጀችው የአስተማሪዎች መምሪያ ነው። ሥራ ፈጠራና ራስን ማሳደግ ይባላል። ክፍሌ መጥተው ለተማሪዎቼ ስለ ሙያዎ ቢነግሩልኝ ብዬ ነው" አለች።

ምን ልበልሽ፣ በኩራት አበጥሁ። ከእጄ ላይ ሰጋቱራውን አራግፌ "እስቲ አምጪው" አልሁ። ስገልጥ፣ ስገልጥ፣ አንዱ ገጽ ላይ ስደርስ ያንን በደንብ የማይዘረጋ ግራ ክንዷን ጣል አደረገችበት።

"ክንድሽን አንሺ።"

"እዚህ ላይ ብዙም ነገር የለም አባባ።"

"ከሌለ ምኑን ነው የምትሸፍኚው?"

አነሣችው። ገጽ ዐሥራ አራት። ጽፈሽው ረስተሽው እንደሆነ እንዳለ ልገልብጥልሽ፦

"አንድ አናጢ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በአንዲት ክፍል ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሲሠራ ኖረ። በርጩማው አይሰበርም፤ ስለዚህ ደንበኛው ተመልሶ አይመጣም። አንድ ቀን የአራት መቶ ዴስክ ሥራ መጣለት። አናጢው 'አልሠራም' አለ። ቤተሰቡም ተቸገረ። ጥያቄ፦ የአናጢው ስህተት ምንድን ነው? ለአስተማሪ ብቻ፦ መልሱ ለውጥን መፍራት ነው።"

ለውጥን መፍራት! እኔ! በስድሳ ዓመቴ ጢሜን ሙልጭ አድርጌ የተላጨሁ ሰው! አያትሽ ነፍሷን ይማረውና ሁለት ቀን ሙሉ "ሰውየው፣ ባለቤቴ ሲመጣ ምን ልበለው?" እያለች አልነበር?

አሁን ተማሪዎቹ ከትምህርት ቤት ሲወጡ በሬ ላይ ቆም እያሉ "አባባ፣ ለውጥ እንዴት ነው?" ይሉኛል። ትናንት አንዱ "ዛሬም ሦስት እግር ነው?" ብሎኝ መላጊያዬን ሳነሣ አቧራውን አስነሥቶ ጠፋ።

ስሜን አልጻፍሽም፤ ልክ ነሽ። በዚህ ሰፈር ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሚሠራው ስንት ሰው ነው? እኔና መስተዋቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ።

ገንዘብ ላኪ አልልሽም፣ ጫማ አልልሽም። ያንን ገጽ አውጪልኝ።

የተናደደው አያትሽ

*

ኅዳር 10

ለምወድዎት አያቴ፣

ጉልበትዎ ቢጮኽም ከዚህ ሆኜ እስመዋለሁ። ዕድሜና ጤና አይጉደልብዎት። ሳልዎ እንዴት ነው? ከዚህ ደብዳቤ ጋር የማንበቢያ መነጽር ልኬአለሁ፤ መድረሱን ይጻፉልኝ።

በገጹ ማዘንዎ አሳዝኖኛል። ግን ሥራዬን ላስረዳዎት። ቢሮዬ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የማይከፈት መስኮት። ከየአገሩ የአስተማሪዎች ደብዳቤ ይመጣልኛል። አንድ አስተማሪ ስድሳ ልጅ ይዞ ከሰሌዳ ሲያስገለብጥ ይውላል። ልጆቹ ፈተናውን ያልፋሉ፤ "አንተስ ምን ታስባለህ?" ሲባሉ ግን ወለሉን ያያሉ። እኔ የምረዳው አስተማሪውን ነው። ተማሪው እንዲጠይቅ፣ እንዲያቅድ፣ ሰው ፊት ቆሞ እንዲናገር፣ ሲወድቅ እንዲነሣ የሚያስችል መንገድ እሰጠዋለሁ። ብዙ አስተማሪዎች ክፍላቸው የተነቃቃው በገጽ ዐሥራ አራት መሆኑን ጽፈውልኛል።

መጽሐፉ በስምንት ሺህ ቅጂ ታትሞ ተሠራጭቷል። ልቅደደው ብልስ በየት በኩል እቀደዋለሁ?

ደግሞስ አባባ፣ እውነት ያልሆነ ምን ጻፍኩ? ሥራው መጣ፤ እርስዎ አልሠራም አሉ።

አክባሪዎ፣ ፌንጣ

*

ኅዳር 29

ለክብርት መጽሐፍ አዘጋጅ፣

ከወንበርሽ ሳትወርጂ፣ ከመስኮትሽ ሳትርቂ ሰላምታዬ ይድረስሽ። የማይከፈት ነው ስላልሽ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚገባ እንጃለት።

መነጽሩ ደርሷል። ገጽ ዐሥራ አራትን በጣም አጉልቶ አሳየኝ። አመሰግናለሁ።

"ክፍሉ ተነቃቃ" ያልሽውን ልንገርሽ፤ የነገረችኝ ራሷ አስተማሪዋ ናት። ተቆጣጣሪው ከትምህርት ጽሕፈት ቤት መጥቶ ደብተሩን ይዞ ከኋላ ተቀመጠ። እሷ "የአናጢው ስህተት ምንድን ነው?" አለች። ሃምሳ ልጅ ባንድ አፍ "ለውጥን መፍራት!" ብሎ አንባረቀ። ማሰብ ማለት ይሄ ነው? እኛስ ልጅ ሳለን እንዲሁ በጩኸት አልነበር የምንሸመድደው? የናንተው ልዩነቱ ሽፋኑ አረንጓዴ መሆኑ ነው።

አንዲት ተማሪ ግን እጇን አወጣች። የቦርሳዋ ማንገቻ ተበጥሶ በሽቦ የቀጠለችው ናት። "ቲቸር፣ ሰውዬው ምክንያት ቢኖረውስ?" አለች። አስተማሪዋ ተቆጣጣሪውን አየች። ተቆጣጣሪው መጽሐፍሽን አየ። "መልሱ እሱ አይደለም፤ ቁጭ በይ" ተባለች። የምትጠይቅ ልጅ ስትገኝ መጽሐፍሽ አስቀመጣት!

በማግስቱ ባለ ሽቦዋ ሥራ ቤቴ በር ላይ ተገተረች።

"አባባ፣ ለምን አልሠሩም?"

"ቤትሽ ሂጂ።"

"ቤቴም ብሄድ ጥያቄው አብሮኝ ይሄዳል።"

በሩን ዘጋሁባት። ከዘጋሁት በኋላ ሥራዬ አልሄድ አለኝ። አንድ የበርጩማ እግር ከልክ በላይ ልጌ አበላሸሁ፤ ይኸውና ባንቺ የተነሣ ነው።

እሺ ጸሐፊዋ፣ አንቺን ልጠይቅሽ። ለምን እንዳልሠራሁ ታውቂያለሽ? ወይስ ሳታውቂ ነው "መልሱ" ብለሽ የጻፍሽው?

አያትሽ

*

ጥር 16

አባባ፣

ሰላምታዬን አስቀድማለሁ፤ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎት፣ ያለ ሰላምታ እንዳልጀምርም ያስተማሩኝ እርስዎ። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አራተኛውን ሳላነበው እልከዋለሁ።

አላውቅም። ለምን እንዳልሠሩ አላውቅም። የማላውቀው ስላልነገሩኝ ነው።

የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በዚያ ዓመት ከባለ ሁለት ክፍሉ ቤት ወጥተን ወደ ሥራ ቤትዎ ገባን። ፍቅፋቂ ላይ ተኛሁ፤ ጠዋት ጠዋት ከጸጉሬ ላይ ሰጋቱራ እያራገፍኩ ትምህርት ቤት እሄድ ነበር። "ባለ ሰጋቱራ" ይሉኝ እንደነበር ያውቃሉ? አባቴ ሥራ ልፈልግ ብሎ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ የመጣልን መርዶው ነው። የዴስክ ጓደኛዬ ክንዷ ተሰብሮ ወር ሙሉ ቀረች፤ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ሁሉም ነገር ባንድ ዓመት ፈረሰ፤ ሰፈሩ በሙሉ ደግሞ "ያንን የዴስክ ሥራ ቢቀበል ኖሮ" ይል ነበር።

አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኩዎት። "አባባ፣ ዴስኮቹን ለምን አልሠራህም?" አልኩ፤ ያኔ አንተ ነበር የምልዎት። ምን አሉኝ? "ዴስክ እግሩ አራት ነው፤ እኔ ከሦስት በላይ መቁጠር አልችልም።" ቤት ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርስዎ እያልኩ የጠራሁዎት ስላከበርኩዎት ብቻ አይደለም።

ዕድሜዬን ሙሉ የጠየቅኩዎትን ሁሉ በቀልድ መለሱልኝ። ሰው ሲስቅ ጥያቄው የተመለሰ ይመስላል። እኔ ግን ጥያቄዬን ይዤ ባሕር ተሻገርኩ። ገጽ ዐሥራ አራትን የጻፍኩት ለዚያች ባለ ሰጋቱራ ነው። መልስ የሚሰጣት ቢጠፋ ራሴ መልስ ጻፍኩላት። አሁን ተናደዱ፤ እኔ የተናደድኩት ሃያ ሁለት ዓመት ነው።

ገጹን አላወጣም።

ፌንጣ

*

የካቲት 5

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ቀልድ አልመጣልኝም።

አያትሽ

*

የካቲት 24

አባባ፣

ሁለት መስመር ብቻ? ሰላምታ እንኳ የለውም። ታመዋል እንዴ? ስልክ ብደውል አያነሡም። አስተማሪዋን ጠየቅኳት፤ "ደኅና ናቸው፣ ግን ልጆቹ ሲያሾፉባቸው መልስ አይሰጡም" አለችኝ። ያ ነው ያስፈራኝ። ገጹ ይቆየን፤ ስለ ጤናዎ ብቻ ይጻፉልኝ።

ፌንጣ

*

መጋቢት 19

ለልጄ፣

ሰላም ላንቺ፣ ለወንበርሽ፣ ለዚያ ለማይከፈተው መስኮትሽም። ጤነኛ ነኝ። ዝም ያልሁት ማጋጠሚያ ሳይስተካከል ኮላ ስለማይቀባ ነው። አሁን አንብቢ፤ ደግሞ አታቋርጪኝ።

ሐሙስ ዕለት መሮና መዶሻዬን በከረጢት ይዤ ትምህርት ቤት ሄድሁ። ያው ያንቺው ክፍል ነው። በሩ ዛሬም ሲገፋ ወለሉን ይፍቃል። አስተማሪዋ "የዛሬው እንግዳችን" ብላ ስትጀምር አቋረጥኋትና "ለውጥ ፈሪው ነኝ" አልሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ስቀው እስኪጨርሱ ጠበቅሁና "በሉ ተነሡ፤ የተቀመጣችሁበትን ገልብጡት" አልኋቸው።

እንዴት ያለ ሁካታ መሰለሽ! ርእሰ መምህሩ እየሮጠ መጣ።

"ምን እየተሠራ ነው እዚህ?"

"ራስን ማሳደግ" አልሁት።

ከአራት መቶው ዴስክ ዐሥራ ሁለቱ እዚያ ክፍል ቀርተዋል። ከሥር ብታዪአቸው ታለቅሻለሽ። የእግሩ ማጋጠሚያ ጣት ያስገባል። በሽቦ የታሰረ አለ፣ በላስቲክ የታሰረ አለ፣ ምስማር ላይ ምስማር የተመታበት አለ። "ለምን እንዲህ ሆነ?" አልኋቸው። አንዱ "አርጅቶ" አለ። "እኔስ አላረጀሁም? እግሬ ተነቀለ?" ባለ ሽቦዋ ጣቷን ክፍተቱ ውስጥ ከትታ ቆየችና "እንጨቱ ሸሽቷል" አለች። ሃምሳ ዓመት የሠራሁበትን ነገር በሁለት ቃል ጨረሰችው።

እውነቷን ነው። እንጨት እርጥብ ሳለ ገጥመሽ ብትመቺው ልክ ይመስላል። ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ምስማሩ ባለበት ይቀራል፣ እንጨቱ ይሸሻል። ያኔ የዴስኩን ሥራ ይዞ የመጣው ተቋራጭ ደጄ ድረስ አምጥቶ ያራገፈው ጣውላ ውኃው እጄ ላይ ይቀር ነበር። "ስድስት ወር ይድረቅ" አልሁት። "ትምህርት በሁለት ወር ይከፈታል። ቀለም ሲቀባ ማን ያየዋል?" አለኝ። "የሚቀመጥበት ያየዋል" አልሁት። አልሠራሁም። ይኸው ነው።

ባለ ሽቦዋ ግን የምትለቅ አይደለችም። "ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ለምን ለሰው አልተናገሩም?" አለችኝ። ቀልድ ፈለግሁ። ኪሴን ዳበስሁ ማለት ይቀለኛል። አጣሁ።

ይሄኔ አስተማሪዋ ተነሥታ የግራ እጅጌዋን ጠቀለለች። "ይህ ክንድ የተሰበረው ከነዚህ ዴስኮች አንዱ ከሥሬ ፈርሶ ነው፤ በናንተ ዕድሜ ሳለሁ" አለች።

አንቺ ያን ቀን በጉንፋን ቀርተሽ ነበር። "ስትጫወት ወደቀች" ያልንሽ እኛ ነን። እሷም ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር። ታዲያ ለምን ገጽ ዐሥራ አራትን ዝም ብላ እንዳስተማረች ጠይቂኝ። መምሪያው "መልሱ ይህ ነው" ካለ በኋላ ሌላ መልስ ብትቀበል ተቆጣጣሪው ይጽፍባታላ! አስተማሪ እረዳለሁ ብለሽ የአስተማሪዋን አፍ ያዝሽው። በዚህ ዛሬም ተናድጃለሁ፤ ይህን አልተውልሽም።

ቀጥሎ ያለውን ለልጆቹ አልተናገርሁም። ላንቺ ግን ጠይቀሻልና እነሆ።

እኔ አልሠራም ያልሁትን ሥራ የወሰደው አባትሽ ነው።

ደጃፌ ላይ ተጣላን። "ላንተ ኩራት ስትል ልጄ ትራብ?" አለኝ። ስላንቺ ነበር የሚለው፤ ውሸትም አልነበረም። መዶሻውን ከሣጥኔ አንሥቶ ሄደ። በሁለት ወር አራት መቶውን በተቋራጩ ግቢ መትቶ አስረከበ፤ አንቺ ለቀን ሥራ የወጣ ይመስልሽ ነበር። ዴስኩ ሲፈርስ፣ የልብስ ሰፊውን ዓይን ማየት አቃተው፤ ሳይነጋ ሄደ። ተቋራጩ ዞር ብሎም አላየን። ባለ ሁለት ክፍሉን ቤት የሸጥሁት ለልጅቱ ክንድ ማሳከሚያ ነው። ክንዱ እንደሆነ እንዳየሽው ነው፤ ሐኪም የቻለውን አደረገ።

አባትሽን እንድትጠይው አልፈለግሁም። እኔን ብትጠይኝ ይሻላል፤ እኔ እዚሁ ነኝ፣ አስቄሽ እታረቅሻለሁ አልሁ። በመጽሐፍ ትጠይኛለሽ፣ ያውም በስምንት ሺህ ቅጂ፣ ብዬ አላሰብሁም።

አሁን ምንም አልጠይቅሽም። ገጹን ብትፈልጊ ተይው።

አያትሽ

*

ሚያዝያ 22

አባባ፣

ሰላም ይሁኑልኝ። ጉልበትዎ ይበርታ፤ የምጣላው ሰው ቆሞ እንዲጠብቀኝ እፈልጋለሁ።

ደብዳቤዎን በቢሮዬ ደረጃ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ሰዎች በላዬ እየተራመዱ አለፉ። በጣም ተናድጃለሁ። በተቋራጩ፣ በአባቴ፣ በርስዎ። አባቴን መጥላት የኔ ድርሻ ነበር፤ ይቅር ማለትም የኔ ነበር። ሁለቱንም ደብቀው ያዙብኝ። በራሴም ተናድጃለሁ፤ በዐሥራ አንድ ዓመቴ ያልተመለሰልኝን በሠላሳ ሦስት ዓመቴ መልሱን እንደማውቅ ሆኜ ጻፍኩ።

አለቃዬን ገጹ ይታረም አልኩት። "እስከሚቀጥለው እትም አይነካም፤ አስተማሪዎች ቁርጥ ያለ መልስ ይወዳሉ" አለኝ። ስለዚህ ለየትምህርት ቤቱ በራሴ ስም ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው። እስከ ዛሬ ሁለት መቶ ዐሥር ልኬአለሁ። እንዲህ ይላል፦

"በገጽ ዐሥራ አራት 'ለአስተማሪ ብቻ' የሚለውን መስመር እባክዎ በእስክሪብቶ ይሰርዙት። ጸሐፊዋ መልሱን ሳታውቅ ነው የጻፈችው። ጥያቄውንም እንዲህ ይለውጡት፦ አናጢውን ብታገኙት ምን ትጠይቁታላችሁ? ተማሪው ያልተጠበቀ ነገር ቢጠይቅ ትክክል ነው፤ ተቆጣጣሪ ቢመጣ ይህን ደብዳቤ ያሳዩት።"

አለቃዬ ሲሰማ ምን እንደሚል አላውቅም። ይበል።

ለድሮው ጥያቄ ግን እኔም መልስ አለኝ። የአናጢው ስህተት፦ ለልጅቱ አለመንገሩ። ይህን አልሰርዝም።

ፌንጣ

*

ግንቦት 17

ለፌንጣዬ፣

እግርሽ ከደረጃ ላይ ይነሣ፣ ወንበር ይስጥሽ፤ ሰው በላይሽ አይራመድ።

መልስሽን ለአስተማሪዋ አሳየኋት። በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደረገችበት፤ ትክክል ነው። ሙሉ ነጥብ አግኝተሻል። ያናደደኝም እሱ ነው። ሌሊት እንኳ ተነሥቼ ስህተት ፈልጌበት አጣሁ።

ደብዳቤሽ እዚህም ደርሶ መስመሩ ተሰርዟል። አስተማሪዋ አጥብቃ ከመሰረዟ የተነሣ ወረቀቱ ተቀድዷል። ተቆጣጣሪው መጥቶ "ይህ ቀዳዳ ምንድን ነው?" ቢላት ወረቀትሽን አውጥታ ሰጠችው። ሁለት ጊዜ አነበበና "እኔም የማውቀው አናጢ ነበር" ብሎ ቁጭ አለ።

ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ዐሥራ ሁለቱን ዴስኮች እየፈቱ በደረቅ እንጨት ይገጥማሉ። እኔ ቆሜ እሳደባለሁ፤ ሥራው ተከፋፍሏል። ባለ ሽቦዋ አለቃቸው ሆናለች። የሰው ስም ዝርዝር ይዛ እኔንም "ዘግይተዋል" ብላ መዘገበችኝ። በርጩማዬንም ገልብጣ ካየች በኋላ ምን አለችኝ? "አባባ፣ አይሰበርም ማለት ጉድለት አይደለም፤ ማስታወቂያ ነው። ዋጋው ግን ያሳፍራል።" ዋጋዬን በእጥፍ አሳደገችብኝ። ተከራከርሁ፤ አልቻልኋትም። ሦስት ተሸጠ። አሁን በበሬ የሚያልፉት "ለውጥ እንዴት ነው?" ሲሉኝ "ተወዷል" እላቸዋለሁ።

አባትሽ ያን መዶሻ ሲሄድ ደጃፌ ላይ አስቀምጦልኝ ነበር። እስካሁን አልነገርሁሽም። ከዚያ ወዲህ በሱ ምስማር መትቼ አላውቅም፤ መጣልም አልቻልሁም። ባለፈው ቅዳሜ ለልጆቹ ሰጠኋቸው። ከዴስኮቹ አሮጌውን ምስማር የሚነቅሉት በሱ ነው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ጥቅል ይደርስሻል። በርጩማ ነው፤ መቀመጫው ለብቻ፣ ሦስቱ እግሮች ለብቻ። እንጨቱ ሁለት ዓመት የደረቀ ነው። ራስሽ ግጠሚው። አንዱ እግር አልገባም ካለሽ እልህ ይዞሽ በመዶሻ እንዳትመቺው። ለምን እንዳልገባ ጻፊና ጠይቂኝ።

በቀልድ አልመልስልሽም።

አያትሽ